ወጊ በሬ ፍለጋ

«ሂድ! ሂድ እንጂ አንተ! ምን ይገትርሃል?»

ሐምዱ ይህን የተናገረው መንገድ ለዘጋበት የሰው በሬ ነበር። ከኋላው የሚመጡት ሰው ግን ለእሳቸው የተባለ መስሏቸው ፈጠን አሉ። ሐምዱ በኀፍረት ጆሮው ጋለ። «ጌታዬ፣ ለእርስዎ አይደለም» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ገጠመው። ዛሬ ጌታዬ የለም፤ እርስዎም የለም። ከገበያው እስኪወጡ ድረስ ደጃዝማች ውብሸት ለሰኔ እርሻ በሬ የቸገረው የቆላ ገበሬ ናቸው። ሐምዱም «አንተ» ሊላቸው ተስማምቷል። ምላሱ ግን አልተስማማም።

ቅዳሜ ነው፤ ከአብነት በኩል የሚመጣው ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶታል። ጨው የጫነ አህያ፣ ቆርቆሮ የተሸከመ ኩሊ፣ ዶሮዎቿን ቁልቁል ያንጠለጠለች ሴት፣ በመሀላቸው ጡሩምባውን እየነፋ መተላለፊያ የሚለምን የጣሊያን ካሚዮን። ጣሊያን ገበያውን ከጊዮርጊስ ነቅሎ እዚህ መርካቶ ከተከለው ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ያገሬው ሰው ለብቻው ይገበያይ ብሎ ነው። ያገሬው ሰው ለብቻው ሲሆን ምን እንደሚያወራ ግን አላሰበበትም።

ሐምዱ ወሎዬ ነው። ከወረኢሉ ከብት እየነዳ መጥቶ ደላላ ሆኖ ቀረ። ዋሽቶ የማያውቅ ደላላ አለ ከተባለ ገና ሥራ ያልጀመረው ነው፤ ሐምዱ ደግሞ ከጀመረ ቆይቷል። ለበሬ ይዋሻል፣ ለላም ይዋሻል፣ ከሁሉ ይበልጥ ግን ለጣሊያን ይዋሻል። ጫካ ላሉት አርበኞች መድኃኒትና ወሬ የሚያቀብለው እሱ ነው። እስከ ዛሬ የሚልኩበት ዕቃ ፈልግ እያሉ ነበር። አሁን ግን ደጃዝማቹ ራሳቸው፣ ጺማቸውን አሳጥረው፣ ጋቢያቸውን አመድ ላይ አንከባለው፣ በባዶ እግራቸው ሰው ሊፈልጉ መጡበት።

የሚፈልጉት የጦር አበጋዝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደጃዝማች ውብሸት ጎሽ ውኃ ከተባለው የጣሊያን ምሽግ ፊት ለፊት ተራራ ላይ ከሰፈሩ ዓመታት አልፈዋል። ጦራቸውን የሚያዝዘው ቀኛዝማች ቦጋለ ይባላል፤ የሚስታቸው ወንድም ነው። ፈሪ ነው የሚለው ሰው ቢኖር ውሸታም ነው። ሲፎክር ድንጋይ ይንቀጠቀጣል፤ ጦሩን ሲያሰልፍ ያየ ሰው ያለቅሳል። ጉዳቱ ጦሩን መውደዱ ነው። እንደ አዲስ ጃኖ ይወደዋል፤ እንዳይቆሽሽበት ከሣጥን አያወጣውም። ግጠም ሲባል ጥይት ይምጣ ይላል። ጥይት ሲመጣ ጉሙ ይገፈፍ፤ ጉሙ ሲገፈፍ ጾሙ ይፈታ፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ ጣሊያን መትረየስ ጨምሯል።

በዚህ መሀል አገሩ ሰለቸው። ባላባቶቹ «ቀለብ ሰፋሪ ሆነን ቀረን፤ ወይ ይዋጉ ወይ ይተዉን» አሉ። የደብሩ አለቃም ከጣሊያን ቃል ይዘው መጡ፦ መሣሪያውን ያስረከበ ርስቱ ይጸናለታል። ረቡዕ፣ ሰኔ ሚካኤል፣ ጉባኤው ይቀመጣል። እስከዚያ ደጃዝማቹ አንድ ድል ካላሳዩ ሁሉም በየፊናው ሊገባ ነው። ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ የሚለው ወሬ ደርሷል፤ ቢሆንም «እንግሊዝ እስኪመጣ ልጆቻችንን ምን እናብላ?» ብለው መለሱላቸው።

ቦጋለን ሽረው ሌላ እንዳይሾሙ፣ ከሠፈሩ አለቆች የአንዱ ወገን ያልሆነ የለም። አንዱን ቢያነሡ ሌላው ይኮርፋል። ስለዚህ የማንም ያልሆነ ሰው ያስፈልጋል፤ ደግሞም የሚዋጋ። ሐምዱ አንድ ያውቃል። ስሙ አሸብር ነው፤ ከሌላ አርበኛ ጌታ ዘንድ ተባርሮ መርካቶ ከብት ይነዳል። ለምን እንደተባረረ ሐምዱ አልተናገረም። ደላላ ነዋ።

መገናኛው ከብት ገበያው ነው፣ ከቀይ በሬ አጠገብ። ምልክቱ «ወጊ በሬ አለህ?» የሚል ቃል ነው። ሐምዱ ይህን ያወጣው በብልሃት ነበር። በዓለም ላይ ወጊ በሬ የሚጠይቅ ገዢ ስለሌለ ሌላ ሰው በድንገት አይናገረውም። ያላሰበው፣ ከብት ገበያ ውስጥ ቀይ በሬ ሞልቶ መትረፉን ነው።

«ቃሉን የምናገረው እኔ ነኝ» ብሎ ነበር። «እር... አንተ ዝም ብለህ ትከተለኛለህ።»

ግን ደጃዝማች ውብሸት ሰው ቀድሟቸው ሲናገር ዝም ብለው ያደጉ ሰው አይደሉም። ሐምዱ ካንድ ወዳጁ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ፣ እሳቸው ከቀይ በሬ አጠገብ የቆመ ደልዳላ ሰው አዩ። ፊቱ ቁጡ ነው። ወደዱት። ቀረብ ብለው፣ በጉባኤ በለመዱት ድምፅ፣

«ወጊ በሬ አለህ?» አሉት።

ሰውየው የሰላሌ ገበሬ ነበር። በሬውን ሊሸጥ የመጣ እውነተኛ ገበሬ።

«ምን አልክ?»

«ወጊ በሬ ነው የምፈልገው። አንተ ነህ?»

«የኔ በሬ ነው የሚወጋ?» ገበሬው ጮኸ። «ሰው ስሙ! በገበያ መሀል በሬዬን ወጊ አለብኝ! ከእንግዲህ ማን ይገዛኛል? ጥጃ ሳለ ጀምሮ ልጆቼ ጀርባው ላይ የሚተኙበትን በሬ!»

ደጃዝማቹ መሳሳታቸው ገባቸውና ፊታቸውን አዙረው ሊሄዱ አንድ እርምጃ ተራመዱ።

«በሕግ አምላክ!»

በዚያ ዘመን በሕግ አምላክ ተብሎ የማይቆም እግር አልነበረም። ደጃዝማቹ ራሳቸው ሳይቆም ያለፈን ስንት ሰው ቀጥተዋል። ቆሙ። ገበሬው የጋቢያቸውን ጫፍ ያዘና ከራሱ ጋቢ ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው፤ ተከሳሽና ከሳሽ ዳኛ እስኪያገኙ በዚህ ወግ አብረው ይሄዳሉ። ሐምዱ ዘወር ሲል ተራራውን የሚገዙት ደጃዝማች ከአንድ በሬ ሻጭ ጋር በቁራኛ ታስረው አየ። «ያ አላህ!» አለ።

«ዳኛ! የመንገድ ዳኛ ስጡኝ!» ይላል ገበሬው።

«እኔ እዳኛችኋለሁ» አለ አንድ ሰው።

ከሌላ ቀይ በሬ ጥግ ነው የመጣው። አጭር ነው፤ አንገቱ ወፍራም፣ ቁምጣው የተጣፈ፣ እጁ ላይ የነጂ ዱላ። ሐምዱ ወዲያው አወቀው። አሸብር ነበር። ቃሉ ለሌላ ሰው ሲነገር ሰምቶ፣ የጠራውን ሰው ለማየት በዳኝነት ስም መቅረቡ ነው። ሕዝቡም ከበበ፤ ችሎት ከገበያ ይበልጣል።

አሸብር ዱላውን ተመርኩዞ ከሳሹን አዳመጠ። ከዚያ ወደ ደጃዝማቹ ዞረ።

«ተጠየቅ! ወጊ በሬ የሚፈልግ ሰው አይቼ አላውቅም። ምን ሊያደርግልህ ነው?»

ደጃዝማቹ ሰውየውን ቁልቁል አዩት። የሚፈልጉት ሰው እሱ መሆኑ ገባቸው። ድምፃቸውም ተመለሰ።

«በሬማ ሞልቶኛል፣ ዳኛ። ቀንዳቸው የሾለ፣ ሻኛቸው የሚያምር። ጅብ ሲመጣ ግን በረቱ ውስጥ ሆነው ያገሳሉ እንጂ አይወጡም። ጎረቤቶቼም በረቱን ለጅቡ እንስጠው እያሉ ነው።»

«ወጊ በሬ ጅብ ብቻ አይወጋም። ባለቤቱንም ይወጋል። ታስቦበታል?»

«ታስቦበታል።»

«ከወጣ ወዲያ ባለቤቱ ቢጠራው አይመለስም። እሱስ?»

ደጃዝማቹ የተቋጠረውን የጋቢያቸውን ጫፍ ዳሰሱ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ተከሳሹ ተረታ መሰለው።

«እሱን አላሰብኩበትም» አሉ በመጨረሻ።

«እንግዲያ አስብበት። ችሎቱ...»

አልጨረሰም። ሕዝቡ ድንገት ተከፈለ። አንድ ካራቢኜሪ፣ የጣሊያን ፖሊስ፣ እና ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ባንዶች ግርግሩን ሊያዩ መጡ። ከባንዶቹ ፊት ያለው አለቃቸው ቡሉቅባሽ ነው፤ ቀይ ታርቡሽ ደፍቷል፤ ዓይኑ አይጥ የምትጠብቅ ድመት ዓይን ነው።

«ምንድን ነው?»

«የበሬ ነገር ነው ጌታዬ፣ የበሬ ነገር!» ሐምዱ መሀል ገባ። «አንዱ ይወጋል ይላል፣ አንዱ አይወጋም ይላል። ወላሂ ሌላ ነገር የለበትም።»

ቡሉቅባሹ ግን እሱን አልሰማም። ወደ መሬት ነበር የሚያየው። የደጃዝማቹ እግር ጠጠር ላይ ሲቆም ጣቶቹን ሰብስቦ ነበር፤ ተረከዙ ንቃቃት የለውም።

«ይሄ እግር በሬ ነድቶ አያውቅም» አለ። «ጋቢውን ግለጡት።»

ከጋቢው ሥር ሽጉጥ አለ። ሐምዱ ያውቃል፤ ደጃዝማቹ ያውቃሉ። ደጃዝማቹ በዚያች ቅጽበት ያሰቡት እንዴት እንደሚያመልጡ ነው። በስተ ግራ ያለውን መተላለፊያ፣ የሕዝቡን ብዛት፣ የጋቢውን ቋጠሮ አዩ። አሸብር ግን መተላለፊያውን አላየም። የገበሬው ቀይ በሬ አጠገብ ቆሞ ነበርና ዝቅ ብሎ ጭራውን በሁለት እጁ ያዘ፤ እንደ ርጥብ ልብስ ጠመዘዘው።

በሬው አጓራና ወደ ፊት ተወረወረ። ቀድሞ ያገኘው ካራቢኜሪውን ነበር፤ በቀንዱ አንሥቶ የሽንኩርት ክምር ላይ ጣለው። ሌሎቹም በሬዎች ደነበሩ፤ ገመድ ተበጠሰ፣ ሰው ተራወጠ። አሸብር ከበሬው ኋላ አብሮ ሄደ፤ ከጠላት ርቆ ሳይሆን ወደ ጠላት። ቡሉቅባሹን በዱላው ጉልበቱ ላይ መታው፤ ጠመንጃውን ከትከሻው ላይ ወሰደ። ሁለተኛው ባንዳ ጠመንጃውን ከትከሻው ሊያወርድ ሲታገል የአሸብር ግንባር አፍንጫው ላይ አረፈ። ያንንም ወሰደ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም።

«አልወጋም!» ይላል የሰላሌው ገበሬ በአቧራው መሀል፣ የሁለት ሰው ጋቢ እየጎተተ። «ገፋው እንጂ አልወጋም! ሰው መስክሩ!»

ደጃዝማቹ ከጋቢያቸው ሾልከው ወጥተው ነበር። ሐምዱ ባዶ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጣለ፤ እንደ ኩሊ ጎንበስ አድርጎ በጉራንጉሩ ወደ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ወሰዳቸው።

እዚያ የእቴቴ የጌሾ መጋዘን አለ። እቴቴ ጌሾ ነጋዴ ናት፤ መበለት፣ ወፍራም፣ ለማንም የማትመለስ። አንድ ልጅ አላት፤ እሱም ከቀኛዝማች ቦጋለ ጦር ውስጥ ነው። ደጃዝማቹን ስታይ ማንነታቸው ወዲያው ገባት፤ እጅ ነሣችና ጆንያ ደልድላ አስቀመጠቻቸው። አሸብር ዘግይቶ ደረሰ። ሁለቱን ጠመንጃ በኬሻ ጠቅልሎ እንደ ማገዶ ተሸክሞ ነበር።

ደጃዝማቹ ቁጣቸውን እዚህ አወጡት።

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

«ሰው ቢሞትስ? ገበያው ሙሉ ሰው ነበር!»

«ሊፈትሹዎት ነበር። ሽጉጡ ቢወጣ ተኩስ ነበር፤ ያኔ ሰው ይሞት ነበር።» አሸብር ግንባሩን በመዳፉ አሸ፤ አብጧል። «ሊመጡብን ሲሉ ሄድኩባቸው። ሌላ ዘዴ አላውቅም።»

ሐምዱ ጣልቃ ገባ፤ ገበያው ትዝ ብሎታል። «አንተማ ሄድክባቸው! እኔ ሰኞ ምን ብዬ ነው እዚያ የምቆመው?»

«እንደ ልማድህ ዋሽ» አለው አሸብር።

ደጃዝማቹ ሊስቁ ሲሉ ራሳቸውን ገቱ። የሚጠይቁት ገና አለ።

«ቀድሞ ከነበርክበት ጌታ ለምን ተባረርክ?»

ሐምዱ ጣራውን ማየት ጀመረ። አሸብር ግን ሳይሸሽ መለሰ።

«ጠብቅ ተባልኩ፤ አልጠበቅሁም። ምሽጉን ያዝነው። የጌታዬ ወንድም ግን ከኔ ጋር ገብቶ ሞተ። ምሽጉን ተቀበሉኝ፣ እኔን አባረሩኝ።»

«አጠፉ?»

«ወንድም ለሞተበት ሰው አላጠፉም። እኔም ሌት ተቀን አስበዋለሁ። ዛሬ ቢሆን ግን ያንኑ ነው የማደርገው። ይህን ሳይሰሙ እንዳይወስዱኝ።»

ደጃዝማቹ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ተራራው ላይ የሚጠብቃቸውን ሁሉ አሰቡ፤ ሚስታቸውን፣ የቦጋለን ፊት፣ የባላባቶቹን ከንፈር መምጠጥ። አዘኑም፤ ቦጋለን ከልጅነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«የማን ልጅ ነህ ይሉሃል» አሉ ቀስ ብለው።

«አባቴ የሰው በቅሎ ጫኝ ነበር።»

«ጉባኤው ይህን ሲሰማ ይስቃል።»

«ጎሽ ውኃ ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ ይሳቅ።»

ደጃዝማቹ ቀና አሉ። «እንዴት?»

«ጉባኤው ረቡዕ እንደሆነ ሐምዱ ነግሮኛል። እኛ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ እንገባለን። ረቡዕ ሽማግሎቹን እዚያ እንጠራቸዋለን። የፈለጉትን ይምከሩ፤ የተቀመጡበት ወንበር የጣሊያን ይሆናል።»

«ቦጋለን ከሻርኩት እኮ ከግማሽ የሚበልጠውን ጠመንጃ ይዞ ይሄዳል።»

«የሚተኩሰውን ግማሽ ነው ወይስ የማይተኩሰውን?»

ከጌሾው ክምር በኩል እቴቴ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠችና ወደ ደጃዝማቹ ቀረበች።

«ጌታዬ፣ ይቅርታዎን። ልጄን መርቄ የሰጠሁዎ ለአገሩ እንዲሞት ነው፤ ቢሞትም እናት ነኝና አልቅሼ እቀብረዋለሁ ብዬ። በመጣ ሰው ሁሉ የሚልክብኝ ግን ‹ጠብቁ ተብለናል፣ ደኅና ነን› የሚል ነው። ለመቀመጥማ እዚህም በርጩማ ሞልቷል። ካልተዋጋ ልጄን ይመልሱልኝ።»

ይህን ያለችው ሳትጮኽ ነው። ደጃዝማቹን ከባላባቶቹ ሁሉ፣ ከአለቃውም፣ ከጣሊያን መልእክትም ይልቅ ይህ ከበዳቸው። ከዚያ ሽጉጣቸውን ከወገባቸው ፈትተው ለአሸብር ዘረጉለት።

«ነጋሪት የለኝም፤ ካባም የለኝ። ምስክሮቼ አንድ ደላላና አንዲት ጌሾ ነጋዴ ናቸው። ከዛሬ ጀምሮ አበጋዜ ነህ፤ ጦሬን አንተ ታዝዛለህ። ለቦጋለ እኔ ራሴ በአፌ እነግረዋለሁ፣ እኅቱ ባለችበት።»

አሸብር ሽጉጡን በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳመው። ሐምዱ ሳያስበው እንባው መጣ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያገናኝ ኖሮ እንዲህ ያለ ሽያጭ አይቶ አያውቅም ነበርና ደስ አለው፤ ፈራም።

«በሉ» አሉ ደጃዝማቹ ጆንያው ላይ ተደላድለው፣ «ከተማው ተረብሿል። እስኪመሽ እዚሁ እንጠብቅ፤ ጨለማው ሲ...»

እቴቴ አንገቷን ደፍታለች። አሸብር በሩ ዘንድ ኬሻውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ነበር፤ ዞሮ እንኳ አላያቸውም። ደጃዝማቹ የገዛ ቃላቸውን ጆሯቸው ውስጥ ደግመው ሰሙት። ጉሙ ይገፈፍ። ጾሙ ይፈታ። ጨለማው ይምጣ። ቦጋለ ይህን ቋንቋ የተማረው ከማን ቤት ነበር? በማን ጉልበት ሥር አድጎ?

«ወታደሩ ሁሉ አሁን ገበያ ውስጥ እኛን ይፈልጋል» አለ አሸብር ከበሩ ሳይዞር። «ኬላው ላይ ሰው አይተዉም። ከወጣን አሁን ነው።»

ወጉ ጌታ ሲነሣ ሎሌ መነሣቱ፣ ጌታ ካልወጣም ሎሌ አለመውጣቱ ነው። አበጋዝ አሸብር ግን በሩን በእግሩ ገፋው፤ የቀትር ብርሃን ከነአቧራው፣ ከነጩኸቱ ገባ። እሱም ወጣ።

ደጃዝማች ውብሸት ከጆንያው ላይ ተነሡ። ሐምዱ ሊደግፋቸው እጁን ቢዘረጋ አልያዙትም። ጠጠሩ እግራቸውን እየወጋቸው፣ አበጋዛቸውን ከኋላ ተከተሉት።